ማራገቢያው ስለ ምን አልዞረም?

በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት፣ በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በቶልያቲ ከተማ የተሠሩ ላዳዎች፣ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብተው የአዲስ አበባን ሕዝብ በታክሲነት ለብዙ ዓመታት አገልግለዋል። ከነዚህ መኪናዎች አንዱን፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ይመረት የነበረውን ላዳ 2107 የሚያሽከረክር አንድ ባለታክሲ፣ ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲጓዝ ይታሰብ። ጊዜው የሥራ መውጫ ሰዓት በመሆኑ መንገዱ ተጨናንቋል። መኪናው ጥቂት ይራመዳል፣ ይቆማል፤ እንደገና ጥቂት ይራመዳል፣ ይቆማል። ከዳገቱ እኩሌታ ሲደርስ የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ መስመር ይጠጋል። ባለታክሲው ዳር ይዞ ይቆምና ኮፈኑን ሲከፍት፣ የራዲያተሩ ማራገቢያ መዞር በሚገባው ሰዓት ጸጥ ብሎ ቆሞ ያገኘዋል።

ወዲያው አላፊ አግዳሚው ምክር ይለግሰው ይጀምራል። አንደኛው፣ «የማራገቢያው ሞተር ተቃጥሏል፤ አዲስ ግዛ» ይለዋል። ሁለተኛው፣ «የለም፣ የተበላሸው የሙቀት ማብሪያው ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ፣ «ራዲያተሩን አስወልቀህ አስጠርገው» ሲል ይመክራል። ሦስቱም ምክሮች ገንዘብ የሚያስወጡ ናቸው። የባለታክሲው የዕለት ገቢ ግን በዚያችው መኪና ላይ የተንጠለጠለ ነው። በግምት ዕቃ እየገዛ ቢለዋውጥ ኪሱ ይራቆታል፤ ሳያስጠግን ቢነዳ ደግሞ ሞተሩ ይቃጠልበታል። ከዚህ ጭንቅ የሚያወጣው መንገድ አንድ ነው፤ እርሱም ብልሽቱ ያለበትን ስፍራ በሥርዓት መርምሮ ማግኘት ነው።

የማራገቢያው ተግባር

በሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ቤንዚን ከሚገኘው ኃይል ውስጥ ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው አብዛኛውን ጊዜ ከሲሶ ብዙም አይበልጥም። የቀረው ሙቀት ሆኖ ከፊሉ በጭስ ማውጫው በኩል ይወጣል፤ ከፊሉም በሞተሩ ውስጥ በሚዘዋወረው ውሃ ተወስዶ ወደ ራዲያተር ይደርሳል። ራዲያተር በቀጫጭን ቱቦዎችና በስስ የብረት ክንፎች የተሠራ ስለሆነ፣ በመካከሉ የሚያልፈው ነፋስ የውሃውን ሙቀት ይቀበለዋል። መኪናው በፍጥነት በሚጓዝበት ጊዜ ነፋሱ በራሱ ይገባል። ሲቆም ወይም ሲያዘግም ግን ነፋሱን የሚስብ ማራገቢያ ያስፈልጋል። በጋራዥ ሠራተኞች ዘንድ ቬንትሌተር እየተባለ የሚጠራው መሣሪያ ይኸው ነው።

በቀድሞ መኪናዎች ማራገቢያው የሚሽከረከረው በጎማ ቀበቶ አማካይነት፣ በሞተሩ ኃይል ነበር። ሞተሩ እስከ ዞረ ድረስ ማራገቢያውም ሳያቋርጥ ይዞራል። ይህ አሠራር ቀላልና አስተማማኝ ቢሆንም፣ ማራገቢያው በማያስፈልግበት ጊዜ ጭምር ኃይል ይፈጃል። ኋላም ሞተራቸው በአግድም የተቀመጠና በፊት ጎማዎቻቸው የሚጎተቱ መኪናዎች ሲበዙ፣ የሞተሩ ጫፍ ከራዲያተሩ ጋር ፊት ለፊት መገናኘቱ ስለ ቀረ፣ በኤሌክትሪክ የሚዞር ማራገቢያ ተመራጭ ሆነ። ይህኛው የሚዞረው ውሃው ሲሞቅ ብቻ ነው፤ ውሃው ሲቀዘቅዝም በራሱ ይቆማል።

ማራገቢያው ሥራውን ቢያቋርጥ የሚከተለው ጉዳት ቀላል አይደለም። እንደ ላዳ ባሉ ብዙ መኪናዎች የሞተሩ ዋና አካል ከብረት፣ ከበላዩ የሚገጠመው ቴስታታ ግን ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት ይልቅ ስለሚለጠጥ፣ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ሲያገኘው ይጣመማል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጓርኒሲዮንም ይቃጠላል። ያን ጊዜ ውሃው ከዘይቱ ጋር ሊቀላቀል ይችላል። ስለዚህ በጥቂት ብር ሊጠገን ይችል የነበረ የሽቦ ብልሽት፣ ችላ ቢባል ሞተር እስከ ማስፈታት ያደርሳል።

ሁለቱ መንገዶች

የኤሌክትሪክ ፍሰት ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ተነሥቶ ወደ አሉታዊው ጫፍ የሚመለስበት ያልተቋረጠ መንገድ ከሌለው ምንም ሥራ ሊሠራ አይችልም። ይህ የተሟላ መንገድ ዑደት ይባላል። በመኪና ውስጥ የመመለሻው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው የተዘረጋ ሽቦ ሳይሆን የመኪናው የብረት አካል ራሱ ነው። የባትሪው አሉታዊ ጫፍም ሆነ የየመሣሪያው የመመለሻ ሽቦ ከዚሁ አካል ጋር በብሎን ይታሰራሉ።

የማራገቢያው ዑደት ሁለት መንገዶች አሉት። አንደኛው የኃይል መንገድ ነው። ይህ መንገድ ከባትሪው ተነሥቶ፣ ቫልቮላ እየተባለም በሚጠራው በፊውዝ በኩል ያልፋል፤ ከዚያም በሪሌ አቋርጦ ወደ ማራገቢያው ሞተር ይደርሳል፤ በመጨረሻም በመኪናው አካል አድርጎ ወደ ባትሪው ይመለሳል። በዚህ መንገድ የሚያልፈው ፍሰት ከባድ ነው፤ ለምሳሌ 120 ዋት የሚፈጅ ሞተር በ12 ቮልት ባትሪ ላይ 10 አምፔር ይስባል። ሁለተኛው የትእዛዝ መንገድ ነው። በዚህኛው የሚያልፈው ፍሰት ከግማሽ አምፔር ያነሰ ሲሆን፣ በሪሌው ውስጥ ባለው ጥቅል ሽቦ በኩል ወደ ሙቀት ማብሪያው ይሄዳል። የሙቀት ማብሪያው በራዲያተሩ ላይ የተገጠመ ትንሽ መሣሪያ ነው። በላዳ 2107 ውሃው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ የትእዛዙን መንገድ ከመኪናው አካል ጋር ያገናኛል፤ ወደ 87 ዲግሪ ገደማ ሲወርድም ያቋርጠዋል።

እንግዲህ ሪሌ በአንድ ትልቅ ግቢ በር ላይ እንደ ቆመ ዘበኛ ነው። ከሙቀት ማብሪያው ትንሽ ትእዛዝ ሲደርሰው ጥቅሉ ሽቦ ማግኔት ይሆንና፣ አንዲት የብረት ምላስ «ጠቅ» አድርጎ ይስባል። በዚህ ጊዜ ከባዱ ፍሰት ወደ ማራገቢያው ያልፋል። ይህች «ጠቅ» የምትል ድምፅ ወደ ፊት እንደሚታየው ለመርማሪው ታላቅ ምስክር ናት።

አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። መኪናም ከጠየቁት ሕመሙን ይናገራል። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «ሞተሩ የሚሞቀው መቼ ነው?» የሚል ነው። መኪናው ሲቆምና ሲያዘግም እየሞቀ፣ ፍጥነት ሲይዝ የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ የጎደለው ነፋስ ስለሆነ ጥርጣሬው በማራገቢያው ላይ ያርፋል። በፍጥነት በሚጓዝበትም ጊዜ የሚሞቅ ከሆነ ግን፣ ነፋሱ ሳይጎድል የሞቀ ነውና ምክንያቱ የውሃ ማነስ፣ የራዲያተር መደፈን፣ የውሃ ፓምፕ መድከም ወይም የቴርሞስታት መጣበቅ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ መሣሪያ ነው። እንደተዘጋ ቢጣበቅ በሞተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ሲፈላ በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ለብ እንዳለ ይቀራል። የሙቀት ማብሪያው ደግሞ የተገጠመው በራዲያተሩ ላይ ስለሆነ ሙቀት አይሰማውም፤ ትእዛዝም አይሰጥም። በዚህ ጊዜ ማራገቢያው አለመዞሩ የራሱ ጥፋት አይደለም። ስለሆነም ሞተሩ ፈልቶ ራዲያተሩ ቀዝቅዞ ከተገኘ፣ የሚፈለገው ብልሽት በኤሌክትሪኩ ዑደት ውስጥ እንዳልሆነ መረዳት ይገባል።

ከመካከል መጀመር

ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ጥንቃቄ ይቅደም። የራዲያተሩ ክዳን ሞተሩ ሳይበርድ ሊከፈት አይገባውም፤ በግፊት ታፍኖ የቆየው ውሃ በድንገት ፈልቶ ፊትንና እጅን ያቃጥላልና። ደግሞም የኤሌክትሪክ ማራገቢያ በማናቸውም ሰዓት በድንገት ሊነሣ ስለሚችል፣ ጣትን፣ የተንጠለጠለ እጅጌን፣ ነጠላንና ሻሽን ከምላሶቹ ማራቅ ያስፈልጋል።

ልምድ የሌለው ሰው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ ዕቃዎቹን በየተራ ይፈታል። ብልኅ መርማሪ ግን ከመካከል ይጀምራል፤ አንድ ፈተና የተጠርጣሪዎቹን ብዛት በግማሽ እንዲቀንስለት ይሻልና። በላዳ 2107 ለዚህ የሚመቸው ስፍራ የሙቀት ማብሪያው ነው። ቁልፉ ተከፍቶ፣ በማብሪያው ላይ የተሰኩት ሁለት ሽቦዎች ተነቅለው እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ። ይህም ማብሪያው ሊሰጠው ይገባ የነበረውን ትእዛዝ በእጅ እንደ መስጠት ነው።

ማራገቢያው ወዲያው ከዞረ፣ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ ሞተሩና ሽቦዎቹ ሁሉ ደኅና መሆናቸው በአንድ ጊዜ ታወቀ ማለት ነው። የቀረው ተጠርጣሪ የሙቀት ማብሪያው ወይም ሙቅ ውሃ ወደ እርሱ አለመድረሱ ነው። ማራገቢያው ካልዞረ ግን መርማሪው ጆሮውን ወደ ሪሌው ያቀርባል። «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ትእዛዙ ደርሷል፤ ስለዚህ ብልሽቱ በኃይሉ መንገድ ላይ ነው። ድምፅ ካልተሰማ ትእዛዙ አልደረሰም፤ ብልሽቱ በትእዛዙ መንገድ ወይም በሪሌው ላይ ነው። እንዲህ በማድረግ ሁለት አጫጭር ፈተናዎች፣ አንዳች ዕቃ ሳይገዛ፣ የብልሽቱን ስፍራ ወደ አንድ ጠባብ ማዕዘን ያስጠጉታል።

ፊውዙን ለመፈተን ላዳ 2107 አንድ ቀላል ዘዴ አለው። በዚህ መኪና ማራገቢያውና ክላክሱ ኃይል የሚያገኙት 7ኛ ቁጥር ከሆነው ከአንድ ፊውዝ ነው። ማራገቢያው እምቢ ሲል ክላክሱም ዝም ካለ፣ አስቀድሞ መታየት ያለበት ይኸው ፊውዝ ነው። ክላክሱ ከጮኸ ግን ፊውዙ ደኅና ነው። ሞተሩን ለመፈተን ደግሞ መሰኪያው ይነቀልና ከባትሪው በቀጥታ በመጡ ሁለት ሽቦዎች ኃይል ይሰጠዋል። ከዞረ ደኅና ነው፤ ካልዞረ በውስጡ ያሉት ካርቦኖች አልቀው ወይም ጥቅሉ ተቃጥሎ ይሆናል።

በመጨረሻ የሚቀረው፣ ብዙ ጊዜም የሚዘነጋው፣ የመመለሻው መንገድ ነው። ባረጀ መኪና ሽቦው ከብረቱ አካል ጋር የታሰረበት ብሎን በዝገትና በጭቃ ይሸፈናል። በሽቦውና በአካሉ መካከል የ0.3 ኦም እንቅፋት ቢፈጠር የሚያስከትለውን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። ከላይ የተጠቀሰው ባለ 120 ዋት ሞተር እንደ 1.2 ኦም እንቅፋት ቢቆጠር፣ ጠቅላላው እንቅፋት 1.5 ኦም ይሆናል። 12 ቮልት ለ1.5 ሲካፈል 8 አምፔር ነው። ሞተሩ የሚደርሰው 9.6 ቮልት ብቻ ስለሆነ ኃይሉ ወደ 77 ዋት ገደማ ይወርዳል፤ ማራገቢያውም እየዞረ አያቀዘቅዝም። ዝገቱ ሲብስ ጭራሹን ይቆማል። ይህን ለማወቅ ማራገቢያው በታዘዘበት ሰዓት የቮልት መለኪያው አንድ ጫፍ በሞተሩ የመመለሻ ሽቦ ላይ፣ ሌላው በባትሪው አሉታዊ ጫፍ ላይ ይደረጋል። መለኪያው ወደ ዜሮ የቀረበ ካሳየ መንገዱ ንጹሕ ነው፤ ብዙ ቮልት ካሳየ ግን ኃይሉ በመንገድ ላይ እየቀረ ነው።

ተቃራኒው አሠራር

በአንድ መኪና ላይ የተማሩትን ዘዴ ሳያስተውሉ በሌላው ላይ መሞከር ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1987 መመረት የጀመረውና በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ በብዛት የታየው የቶዮታ ኮሮላ ዓይነት፣ የሙቀት ማብሪያው የሚሠራው ከላዳው በተቃራኒ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ ማብሪያው ተገናኝቶ ይቆያል፤ ውሃው 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቋረጣል፤ ማራገቢያው የሚዞረውም ሲቋረጥ ነው። ስለዚህ በኮሮላው ሽቦዎቹን ማገናኘት ዋጋ የለውም፤ ቁልፉን ከፍቶ የማብሪያውን ሽቦ መንቀል ብቻ ይበቃል። የዚህ አሠራር ብልኃት ግልጽ ነው፤ ሽቦው በመንገድ ላይ ቢበጠስ ማራገቢያው ከመቆም ይልቅ ያለማቋረጥ ስለሚዞር ሞተሩ ከመቃጠል ይድናል።

የድስቱ ፈተናና የአገሩ ከፍታ

የሙቀት ማብሪያን ፈትቶ በድስት ውሃ ውስጥ እያሞቁ መፈተን የታወቀ ዘዴ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ዘዴ የሚጠይቀው አንድ የፊዚክስ እውቀት አለ። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ የመፍያው ሙቀትም ይቀንሳል። 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በድሬዳዋ ውሃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ ገደማ ነው። ከፍታው 2,300 ሜትር በሆነ ስፍራ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አብዛኛው የአዲስ አበባ ክፍል የሚገኘውም በዚሁ ከፍታና ከዚያ በላይ ነው። የፈላ ውሃ በክፍት ድስት ውስጥ ምንም ያህል እሳት ቢጨመርበት ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ በ92 ወይም በ93 ዲግሪ የሚሠራ ደኅና ማብሪያ፣ በአዲስ አበባ ድስት ውስጥ ተቀቅሎ «አልሠራም» ተብሎ ሊጣል ይችላል። ጥፋቱ ግን የማብሪያው ሳይሆን የፈተናው ነው።

በራዲያተሩ ውስጥ ይህ ችግር የማይደርሰው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። ክዳኑ ከውጭው አየር በላይ ግማሽ ባር ግፊት ቢይዝ፣ በአዲስ አበባ የውሃው መፍያ ከ92 ወደ 106 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግን ውሃው መፍላት የሚጀምረው ማራገቢያው መነሣት በሚገባው ሰዓት ላይ ነው። በመሆኑም በከፍታ ላይ የሚኖር ባለመኪና ክዳኑን እንደ ተራ መክደኛ ሊንቀው አይገባም።

የማይበጁ መፍትሔዎች

አንዳንድ ሰው ፊውዝ ሲቃጠልበት የሲጋራ ወረቀት ብር ወይም ወፍራም የመዳብ ሽቦ ይተካበታል። ፊውዝ የተሠራው ከመጠን ያለፈ ፍሰት ሲመጣ ራሱ ቀልጦ ሽቦውን እንዲያድን ነው። እርሱ እንዳይቀልጥ ከተደረገ የሚቀልጠው የሽቦው ልባስ፣ የሚነደውም መኪናው ነው። ሌላው ደግሞ ማራገቢያውን ከባትሪው በቀጥታ አገናኝቶ ሁልጊዜ እንዲዞር ያደርገዋል። ይህ ከመንገድ ወደ ጋራዥ ለመድረስ ያህል፣ ያውም በፊውዝ በኩል ከሆነ፣ ሊረዳ ይችላል። ለዘለቄታው ግን በማለዳ ብርድ ሞተሩ ቶሎ እንዳይሞቅ ያደርጋል፤ ቤንዚን ያባክናል፤ የማራገቢያውን ካርቦን ይጨርሳል፤ ሾፌሩ ማጥፋቱን የረሳ ዕለትም ባትሪው ባዶ ሆኖ ያድራል።

አሁን ወደ ባለታክሲው እንመለስ ቢባል፣ የመርማሪው ሥራ አጭር ሆኖ ይገኛል። ሞተሩ የሞቀው መኪናው ሲያዘግም ስለሆነና ራዲያተሩም ትኩስ ስለሆነ ጥርጣሬው በማራገቢያው ላይ ያርፋል። የማብሪያው ሁለት ሽቦዎች ሲገናኙ ማራገቢያው አይዞርም፤ ሪሌው ግን «ጠቅ» ይላል። እንግዲህ ትእዛዙ ደርሷል። ክላክሱ ይጮኻል፤ ፊውዙም ደኅና ነው። ሞተሩ ከባትሪው በቀጥታ ኃይል ሲሰጠው ይዞራል። የቮልት መለኪያው በመመለሻው ሽቦ ላይ ሲደረግ 11 ቮልት ገደማ ያሳያል። ብሎኑ ሲፈታ ከሥሩ ቀይ ዝገት ይታያል። በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ፣ ብረቱ እስኪያበራ ከጸዳ በኋላ ብሎኑ ተመልሶ ሲጠብቅ ማራገቢያው ይነሣል። ሞተሩም ማብሪያውም ራዲያተሩም አልተበላሹም ነበር፤ ሦስቱም መካሪዎች ተሳስተዋል። የተበላሸው ዋጋው ከጥቂት ደቂቃ ድካም የማይበልጥ አንድ ማሰሪያ ነበር።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በግምት መለወጥ ፈጣን መስሎ ይታያል እንጂ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። ጠይቆ፣ ከፋፍሎና ፈትኖ የሚፈርድ ሰው ግን በጋራዥም ሆነ በሌላ የሥራ መስክ የሚፈርደው በማስረጃ ስለሆነ፣ ጥቂት ቢዘገይም አይሳሳትም።

ጥያቄዎች

1. ባለታክሲው የሦስቱን መካሪዎች ቃል ቢከተል ኖሮ ምን ምን ጉዳት ይደርስበት ነበር?
2. «የኃይል መንገድ» እና «የትእዛዝ መንገድ» በምን ይለያያሉ? ሪሌ በሁለቱ መካከል ያለው ተግባር ምንድን ነው?
3. ሞተሩ ፈልቶ ራዲያተሩ ቢቀዘቅዝ ብልሽቱ በማራገቢያው ዑደት ላይ እንዳልሆነ የሚያስረዳው ምክንያት ምንድን ነው?
4. በአዲስ አበባ በክፍት ድስት የተፈተነ የሙቀት ማብሪያ ያለ ጥፋቱ ሊጣል የሚችለው ለምንድን ነው?
5. በቤት ወይም በትምህርት ቤት የተበላሸ አንድ ዕቃ መርጣችሁ፣ ብልሽቱ የሚገኝበት ስፍራ ከመካከል በመጀመር እንዴት እንደሚፈለግ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ድርሰት ጻፉ።